የመኪና እሪታ በከንቱ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢያችን ውስጥ ከቆሙት መኪኖች አንዷ እሪ አለች። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፊት ለፊት የተፋጠጡት ብሎኮች ድምፁን እየተቀባበሉ ይመላለሱበታል። በመጀመሪያው ሌሊት ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጣን። የግቢው ጥበቃ ባትሪውን እያበራ መኪናዋን ዞራት፤ ማንም አልነካትም። ባለቤቷ በቢጃማ ወርዶ በሪሞት ዝም አሰኛትና "ይቅርታ ጎረቤቶች" ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ሌሊት ከበረንዳዎቹ የተሰማው ስድብ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ማንም አልወጣም። ትራሳችንን ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ተኛን።

በአራተኛውም ሌሊት አላርም ጮኸ። "ያቺው ናት" ብለን ተገላበጥን። ጥበቃውም እንደኛው አስቦ ከበሩ አልተነቃነቀም። ጠዋት ስንወርድ ግን የጮኸችው ያቺ አልነበረችም። ሁለት መኪና አለፍ ብላ የቆመችው የሌላ ጎረቤታችን መኪና ናት። ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ የሉም። አላርሟ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሥራችንን ያልሠራነው እኛ ነን።

ከዚያች ጠዋት በኋላ ሁለት ጥያቄ ይዘን ከረምን። አንደኛው የመካኒክ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያዋ መኪና ማንም ሳይነካት ለምን ትጮሃለች? ሁለተኛው የታሪክ ነው፤ ሰው እንዲወጣ የተሠራ መሣሪያ፣ ሰው እንዳይወጣ የሚያስተምር የሆነው እንዴት ነው? ስንቆፍር የሁለቱ መልስ አንድ ቦታ ተገናኘ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሽ ያለው ጩኸት

የመኪና አላርም ምንም ያህል ቢዘምን ያው ኡኡታ ነው። አገራችን ኡኡታን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ሰው ኡኡ ሲል ጎረቤት ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ነገ እሱም ኡኡ ሲል ይወጣለታል። የተጻፈ ሕግ የለውም፣ ግን ውል ነው። ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚመስልም አዲስ አበባ በሰፈር ስም መዝግባዋለች፤ ፒያሳ አካባቢ ያለው እሪ በከንቱ። ስሙ የወጣለት ድሮ እዚያ ወንበዴ ይዞት የጮኸ ሰው ደራሽ ስለማያገኝ ነው ይባላል።

አላርም የፈለሰፉት መሐንዲሶች አንድ ነገር ተማምነው ነበር፤ ድምፁን የሚሰማ ሁሉ ደራሽ ነው ብለው። የመኪና ጥበቃ ታሪክ የዚህ እምነት መነሳትና መውደቅ ታሪክ ነው።

መሪው ሲቆለፍ

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የመኪና ስርቆት የንብረት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መንግሥት ተረዳ። የተሰረቀ መኪና የሚነዳው የሚሸሽ ሰው ነው፤ የሚሸሽ ሰው ይጋጫል፣ ይገድላል። በ1968 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የጸናው 114ኛው የመኪና ደህንነት ደንብ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉ ሲነቀል ሞተሩ እንዳይነሳ፣ መሪው እንዲቆለፍ ወይም መኪናዋ በራሷ ኃይል ወደፊት መሄድ እንዳትችል፣ ሹፌሩ ቁልፉን ረስቶ በር ሲከፍት ደግሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰማ አዘዘ። ቁልፍ ረስታችሁ ስትወርዱ የምትሰሙት ያ የሚያናድድ ጢጥታ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ሌባ ግን ይማራል። መሪ የሚቆልፈው ብረት በጠንካራ መፍቻና በጉልበት እንደሚሰበር ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ስርቆቱ እየጨመረ ሄዶ በ1991 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት 1.66 ሚሊዮን መኪኖች ተሰረቁ። ኒውዮርክ ከተማ ብቻዋን በ1990 ወደ 147 ሺህ ስርቆት መዘገበች፤ ለ50 ነዋሪ አንድ የተሰረቀ መኪና እንደማለት ነው።

ሳይረኑ ገበያ ያገኘው በዚህ ጭንቀት መሀል ነው። በ1980ዎቹ ዳይሬክትድ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ቫይፐር የሚባለውን አላርም ያወጣው ነው። መሥራቹ ዳረል ኢሳ ኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆነ። ሌባውን ከመኪናው ራቅ በል የሚለው የቫይፐር ድምፅ የራሱ የኢሳ ነበር። በ1982 ደግሞ ሬኖ ፉዌጎ የተባለች የፈረንሳይ መኪና በሪሞት የሚከፈት በር ይዛ ብቅ አለች። እንግዲህ ጩኸቱም ሪሞቱም በአንድ ዘመን ተወለዱ ማለት ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣ አላርም እንዲበዛ የገፋው ደግሞ በ1984 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ ብዙ የሚሰረቁ ሞዴሎች ዋና ዋና ክፍላቸው ላይ መለያ ቁጥር እንዲታተም አዘዘ፤ አምራቹ መኪናውን ከነጸረ ስርቆት መሣሪያው ከሠራው ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። ቁጥር ከማተም መሣሪያ መግጠም የተሻለው አምራች መሣሪያውን ገጠመ።

ኒውዮርክ እንቅልፍ ስታጣ

ሳይረኑ በዛ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ይጮሃል፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ ይጮሃል፣ ድመት ስትዘል ይጮሃል። ኒውዮርክ አላርም ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳይጮህ በሕግ እስከ መገደብ ደረሰች። ሦስት ደቂቃ ትንሽ የምትመስለው ቀን ላይ ነው።

በ1997 የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የጥናት ተቋም የ73 ሚሊዮን መኪኖችን የካሳ መረጃ አገላብጦ አየ። አላርም ያላቸው መኪኖች ከሌላቸው ጋር ሲተያዩ በስርቆት ኪሳራ ላይ በጥቅሉ ምንም ቅናሽ አላሳዩም። ከእኛ አራተኛ ሌሊት በፊት የኒውዮርክ ሰው አራተኛ ሌሊት አድሮ ነበር ማለት ነው። በ2003 ትራንስፖርቴሽን ኦልተርናቲቭስ የተባለው የከተማዋ ማኅበር አላርም ከናካቴው እንዲከለከል የሚጠይቅ ሪፖርት አወጣ። ውሻው ይጮሃል፣ ግመሉ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ሳይረኑ ይጮሃል፣ መኪናው ይሄዳል።

ይገርማል፣ በ2013 ግን በኒውዮርክ የተመዘገበው ስርቆት 7,400 ገደማ ብቻ ነበር። ከ147 ሺህ ወደ 7,400! ለዚህ ብዙ ምክንያት ይቆጠራል። ከዋናዎቹ አንዱ ግን ድምፅ የሌለው ነገር ነው።

የማይጮኸው ጠባቂ

በ1986 ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት በተባለችው የስፖርት መኪና ቁልፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሬዚስተር ተከለ። ቁልፉ ሲገባ መኪናዋ ሬዚስተሯን ትለካለች። ልኩ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ሞተሪኖው አይዞርም፣ ነዳጅ አይሄድም። ለደቂቃዎች ጠብቆ እንደገና መሞከር ግድ ነው። በ1989 ካማሮና ፋየርበርድም ላይ ተገጠመ።

ይህ ሥርዓት ማንንም አይጣራም። ጎረቤት አያስፈልገውም። ሌባው መሪውን ቢሰብር፣ ሽቦ ቢያገናኝ፣ መኪናዋ አልሄድም ትላለች፤ አለቀ።

ጉድለት ግን አላጣም፤ ጉድለቱ ደግሞ ስለ መሣሪያዎች ብልሽት ጥሩ አድርጎ ያስተምራል። ሬዚስተሯን ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች በመሪው ዘንግ ውስጥ ስለሚያልፉ ቁልፉ በዞረ ቁጥር ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ። ያን ጊዜ መኪናዋ ባለቤቷን ሌባ ናቸው ብላ ትቀመጣለች። የአሜሪካ መካኒኮች መላ አገኙለት። የቁልፉን ሬዚስተር በመለኪያ ይለኩና፣ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ በሳንቲም የሚገዛ ሬዚስተር ከኮምፒውተሩ ሽቦ ጋር በቋሚነት ይበይዳሉ። መኪናዋ ትነሳለች፤ ጥበቃው ግን ከዚያ በኋላ የለም። በዚያ ላይ የልኮቹ ዓይነት 15 ብቻ ነበር፤ 15 ቁልፍ የያዘ ሰው ታግሶ አንድ በአንድ ቢሞክር ይከፍታል።

ቀጣዩ ትውልድ ቺፕ ያለው ቁልፍ ሆነ። ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ባትሪ የላትም። በቁልፍ መግቢያው ዙሪያ ያለ የሽቦ ጥቅልል ኃይል ያቀብላታል፣ እሷም ማንነቷን ትናገራለች። አውሮፓ ይህን ኢሞቢላይዘር የተባለ ሞተር አሳሪ በ1995 መመሪያ አውጥታለት ከ1998 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ አደረገችው። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። ኔዘርላንድስ ላይ ያጠኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ግዴታው የስርቆትን ዕድል በእጅጉ እንደቀነሰ አገኙ፤ ያም ሆኖ ከሌቦቹ ከፊሎቹ ፊታቸውን ወደ አሮጌዎቹ መኪኖች አዙረው ነበር።

ሳይረኑ ለምን ይዋሻል?

አሁን ወደ ጎረቤታችን መኪና እንመለስ። እስካሁን ያወራነው ታሪክ አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። ዛሬ መኪና ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ሁለት ናቸው፤ የሚጮኸውና የማይጮኸው። ሲበላሹ ግን ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ገንዘቡን የሚበላውም ይኼ ነው። መኪናዋ ያለምክንያት ከጮኸች የሚጠረጠረው የሚጮኸው ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልነሳና ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ብልጭ ካለ የሚጠረጠረው የማይጮኸው ነው። የሪሞቱ ባትሪ ሞተ ማለትም ቺፑ ሞተ ማለት አይደለም። በብዙ መኪኖች በሩን በቁልፉ ብረት ከፍቶ ገብቶ ሞተሩን ማስነሳት ይቻላል፤ ሲከፈት አላርሙ ቢጮህም ትክክለኛው ቁልፍ ሲዞር ዝም ይላል።

የሚጮኸው የሚዋሽበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፣ ዋናው ባትሪ። ደክሞ ኃይሉ በሌሊት ብርድ ሲወርድ አንዳንድ አላርም ሌባ የባትሪ ሽቦ የቆረጠ ይመስለዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈች በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት እሱን ማየት ነው።

ሁለተኛ፣ የኮፈን ማብሪያ ማጥፊያ። ኮፈኑ ሲዘጋ የምትጫን ትንሽ ነገር ናት። አቧራ፣ ጭቃና ዝገት ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል። ስትበላሽ ኮፈኑ ተዘግቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ተከፈተ ይላል።

ሦስተኛ፣ የበር። በሩና ቦዲው መሀል ባለው ጎማ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፤ ይበጠሳሉ። ሁሉም በር ተዘግቶ የበር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ ምልክቱ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ የውስጥ እንቅስቃሴ የሚያዳምጠው መሣሪያ። መስኮት በትንሹ ተከፍቶ ከቀረ ነፋስ ያስጮኸዋል። ከመሐል መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው መስቀል፣ መቁጠሪያ ወይም ጌጥ ሲወዛወዝም ሰው ገባ ይላል። እምነቱን ሳይሆን ማንጠልጠሉን ብቻ ነው የምንወቅሰው።

አምስተኛ፣ ሳይረኑ ራሱ። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ሳይረን ውስጥ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለ፤ ሌባ ዋናውን ባትሪ ቢቆርጥም እንዲጮህ። ይህች ባትሪ ከዓመታት በኋላ ታረጅና ፈሳሽ ታወጣለች፣ ሰርኪውቱን ትበላዋለች። ሌባን ለማሸነፍ የተገጠመችው ነገር ራሷ ሐሰተኛ ምስክር ትሆናለች።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ሁለት ጋራዥ ተንከራትቷል። የመጀመሪያው "ኮምፒውተሩ ይቀየር" አለው፤ ዋጋውን ሲሰማ ሸሸ። ሁለተኛው ሽቦውን እንቁረጠው አለ። ያገር መድኃኒት! ከፋብሪካ የመጣ አላርም ግን ለብቻው የተቀመጠ ሳጥን አይደለም፤ ከበሩ፣ ከመብራቱ፣ ከቁልፉ ጋር በአንድ ኮምፒውተር ይተሳሰራል። በግምት የተቆረጠ ሽቦ ጩኸቱን ትቶ መብራቱን ሊገድል ይችላል። ሦስተኛው፣ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሻን፣ ምንም ከመንካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ "ሁልጊዜ በስንት ሰዓት ነው የምትጮኸው?" ሌሊት፣ ብርዱ ሲጠና። "መኪናዋ ተጋጭታ ታውቃለች?" አዎ፣ ዓምና ከፊት ተመትታ ላሜራ ተሠርታለች። ኮፈኑን ጫን ሲያደርገው በአንድ ጎን በጣት ስፋት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ማብሪያ ማጥፊያዋን ለጥቂት ነው የሚነካት፤ ሌሊት ብረቱ በብርድ ሲሸማቀቅ ይለቃታል። ኮፈኑን አስተካክሎ፣ ዝገቷን ጠርጎ ጨረሰ። አዲስ የተገዛ ነገር አልነበረም።

ጩኸት ዛሬስ?

ታሪኩ "ዝም ያለው ጠባቂ አሸነፈ" ተብሎ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም። አሜሪካ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ አላደረገችም። በ2015 ሞዴሎች የሌሎች አምራቾች መኪኖች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘር ሲኖራቸው፣ የሃዩንዳይና የኪያ ግን 26 በመቶው ብቻ ነበር የነበራቸው። ይህን ክፍተት የሚልዋኪ ልጆች አገኙት፤ በ2022 ዘዴው በቲክቶክ ተዛመተ። የመሪውን ሽፋን ገንጥሎ በስልክ ቻርጀር የዩኤስቢ ጫፍ ማዞር ብቻ! የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 እንዳስታወቀው በዚህ ሳቢያ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሞት ተመዝግበዋል። 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች ከቀረበው የሶፍትዌር ማስተካከያ አንዱ ክፍል ሞተሩ ያለ ቁልፍ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ሌላው ክፍል ምን ይመስላችኋል? የአላርሙን ጩኸት ከ30 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ ማርዘም! ከዚያ ሁሉ ታሪክ በኋላም ትንሽ ጊዜ ጨምሮ የሚጮህ ሳይረን።

ሌላም አለ። በ2022 ለንደን ውስጥ የአንድ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ መኪና ተሰረቀች። ከስርቆቱ በፊት ባሉት ወራት የፊት መብራቷ አካባቢ ተነካክቶ ሲያገኘው ተራ ጥፋት መስሎት ነበር። በኋላ በርቀት የተመዘገበውን የብልሽት መረጃ ሲያነብ ኮምፒውተሯ ከፊት መብራቱ ጋር ግንኙነት አጥታ እንደነበር አገኘ። ሌቦቹ በመብራቱ ሽቦ በኩል ገብተው፣ ትክክለኛው ቁልፍ መጣ ብለው ኮምፒውተሯን ዋሽተዋት ነበር። መኪናዋ እሪ ባትልም ብልሽቱን መዝግባዋለች። የብልሽት ኮድ ለካስ አንዳንዴ የስርቆት ማስረጃ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰረቀው ብዙውን ጊዜ ስፖኪዮ ነው፣ ባትሪ ነው፣ ፓውዛ ነው። ስፖኪዮ ሊነቅል የመጣ ሌባ ሞተሩ መነሳት አለመነሳቱ ምኑም አይደለም። ኢሞቢላይዘር መኪናውን እንጂ መስታወቱን አይጠብቅም። መስታወቱን የሚጠብቀው ያው የድሮው ነገር ነው፤ ጩኸትና ደራሽ። ኒውዮርክ ጎረቤቱን ተስፋ ቆርጣ በቺፕ ልትተካው ሞከረች። እኛ ግን ገና የምንኖረው በጎረቤት ነው።

ለዚህ ነው የተበላሸ አላርም የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። እያንዳንዱ የሐሰት ጩኸት ከግቢው የጋራ ሒሳብ የሚወጣ ነው። ያቺ መኪና በሦስት ሌሊት የሁላችንንም ጆሮ ጨረሰች፤ ዕዳውን የከፈለው ግን በአራተኛው ሌሊት ስፖኪዮው የተነቀለበት ሰው ነው።

በብሎኩ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳነው። ሁለት ነገር ተስማማን። ያለምክንያት የሚጮህ መኪና ያለው ሰው በሦስት ቀን ያሠራ፤ እስከዚያም ስልክ ቁጥሩን ዳሽቦርድ ላይ ያኑር። ጩኸት የሰማ ደግሞ መውረድ እንኳ ባይችል በረንዳ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይይ። አንድ ጎልማሳ "ሌባው ሽጉጥ ቢይዝስ?" አሉ። መብራት ማብራት በቂ ነው ተባለ። ያ ሁለት ስፖኪዮ የጠፋበት ጎረቤታችን ስብሰባው ላይ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኛም ቀና ብለን አላየነውም።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት መኪና ጮኸች። አልጋችን ውስጥ ትንሽ አመነታን፤ ከዚያ ተነሳን። ከታች ኮፈን ላይ የተኛች ድመት ነበረች፤ የብርዱ ሙቀት እዚያ ስለሚገኝ ይሆናል። ቀና ስንል ግን ከኛ ሌላ አምስት በረንዳ ላይ መብራት በርቷል፤ ጥበቃውም ባትሪውን ይዞ እየመጣ ነበር።

ቸር ያሰማን።